ነፋሱ የጣለው፣ ጥሙ የገደለው

ወጀብ ባደረ ማግስት ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ ደን ስወጣ፣ ከወደቀው ዛፍ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው። ከታች አፉላ ገና ጭጋግ ለብሳ ተኝታለች፤ የይዝራኤል ሸለቆ እርሻ ውኃ ቋጥሮ ያበራል። ዳገቱ ላይ ኦረን የሚባሉ ሦስት ዛፎች ተጋድመዋል። ተንበርክኬ ከመሬት የተነቀለውን ሥር በቢላዬ እፍቃለሁ። ሕያው ሥር ከቅርፊቱ በታች ነጭና እርጥብ ነው፤ የሙጫው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሞተ ሥር ቡናማ ነው፤ እንደ አሮጌ ቆዳ ይላጣል፤ ሽታም የለውም። ከሦስቱ የሁለቱ ሥር ነፋሱ በመጣበት በኩል ሞቶ የቆየ ነበር። ነፋሱ የጣላቸው ትናንት ሌሊት ነው፤ መሞት የጀመሩት ግን ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በቀረበት ክረምት ነው።

በዚህ ሥራ ሃያ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ። ችግኝ ተክያለሁ፣ ቅርንጫፍ ገርዣለሁ፣ በሞተር መጋዝ ቆርጫለሁ። አሁን የሚወጣውንና የሚቀረውን ዛፍ በቀለም የምለይ ነኝ። እዚህ በዕብራይስጡ ዲሉል እንለዋለን፤ አገር ቤት የደን ባለሙያዎች ማሳሳት ይሉታል። ከሠራኋቸው ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው። መጋዝ የያዘው ሰው ቀለሙን አይቶ ይቆርጣል። ቀለም የያዘው ሰው ግን ገና ያልመጣውን ድርቅና ገና ያልተነሣውን ወጀብ በአንድ ግንድ ላይ ማንበብ አለበት።

ይህን ንባብ መጀመሪያ የተማርኩት ከደን ሠራተኛ ሳይሆን ከቀጥቃጭ ነው። አባቴ ጎንደር አካባቢ፣ አምቦበር፣ ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ያሳደጉን ሰው ነበሩ። ገበሬው ማረሻ ሊያሠራ ሲመጣ ሞፈሩንና ድግሩን ይዞ ይመጣልና ብረቱን እያጋሉ እንጨቱንም ያዩለታል። «ሞፈር የፈለገ ጫካው መሀል ይግባ፤ ድግር የፈለገ ገደል አፋፍ ይውጣ» ይሉ ነበር። ሞፈር ረጅምና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው እንጨት ከጎረቤቶቹ ጋር ብርሃን እየተሻማ፣ ወደ ላይ ብቻ የተመዘዘ ነው። ድግር ድንጋይ የሚችል መሆን አለበት። እንዲያ ያለው ደግሞ አፋፉ ላይ ነፋስ ሲገፋው ኖሮ ያጠረና የወፈረ ወይራ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሻገር፣ እኛም አብረን መጣን። ከዓመታት በኋላ በደን ሥራ ተቀጥሬ መጀመሪያ የገባሁበትን የኦረን ተክል ቀና ብዬ ሳይ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞፈር ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላስረዳ። አገር ቤት ጥድ ስንል የሐበሻውን ጥድ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ እንጨቱ ቀይና መዓዛ ያለው። እዚህ ተራራውን የሸፈነው ሌላ ወገን ነው፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የረዘመ፣ ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ። ዕብራይስጡ ኦረን ዬሩሻላይም ይለዋል፤ እኔም ኦረን እያልኩ እቀጥላለሁ። ከእርሱ ጋር ብሮሽ የሚባለው ቀጥ ያለ ዛፍ፣ ሃሩቭ የሚባለው ጣፋጭ ቆባ የሚያፈራው፣ አሎን የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ ሾህ ያለበት ጠንካራ የአገሩ ዛፍ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው ኬረን ካዬሜት የተባለ ድርጅት በአገሪቱ ከ240 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሏል። ከአፉላ ብዙም በማይርቀው ጊኔጋር አጠገብ ያለው የባልፎር ደን የተጀመረው በ1928 ነው። የቀደሙት ተካዮች ድንጋዩን ራቁቱን አግኝተውት ነበርና በፍጥነት የሚይዘውን ኦረን መረጡ፤ ብዙው ይሞታል ብለው አጠጋግተው ተከሉ። ችግኙ ያዘላቸው። መጠጋጋቱም አብሮ ቀረ።

መጠጋጋት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። አፉላ በአማካይ በዓመት 450 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ዱናም 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በደህና ዓመት ዱናሙ ላይ 450 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። መቶ ዛፍ ካለበት ለአንዱ 4.5 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል፤ ሠላሳ ከሆኑ 15። ከዚህም ላይ ቅጠል ላይ ቀርቶ የሚተነው፣ በዳገቱ የሚወርደውና ሣሩ የሚጠጣው ይቀነሳል። የቀረው ደግሞ ለረጅም ጊዜ መብቃት አለበት። በአገራችን ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እዚህ ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይመጣና ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ጠብታ እምብዛም የለም። ዛፉ ሐምሌና ነሐሴን የሚሻገረው በጥር በጠጣው ውኃ ነው። እንደ እ.ኤ.አ. 1998/99 ያለ፣ ዝናቡ በሰሜኑ ግማሽ ያህሉ የቀረበት ዓመት ሲመጣ፣ መቶዎቹ ዛፎች ሁሉ እኩል ይጠማሉ። ማንም አይጠግብም፤ ማንም ተለይቶ አይድንም።

ዛፍ የሚጠጣው ከላይ እየሳበ ነው። ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ውኃ ስታተን፣ በግንዱ ውስጥ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቧንቧዎች ያለው ውኃ እንደ ክር ተያይዞ ከሥር ይጎተታል። አፈሩ ሲደርቅ ክሩ ይወጠራል። ከልክ ሲያልፍ አየር ይገባና ክሩ ይበጠሳል፤ ያ ቧንቧ ከእንግዲህ ውኃ አያሳልፍም። ኦረን ይህ እንዳይደርስበት የቅጠሉን መተንፈሻ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ውኃውን ያድናል፤ ግን መተንፈሻው ሲዘጋ ከአየር ምግቡን መሥራትም ያቆማል። ያኔ ከጎተራው ይበላል። አንዱን የድርቅ ዓመት በዚህ ይወጣዋል፤ ምናልባት ሁለተኛውንም። ጎተራው ሲሟጠጥ መጀመሪያ የሚቀረው ሙጫው ነው። ጤነኛ ኦረን ቅርፊቱን የምትበሳውን ጥንዚዛ በሙጫ አስምጦ ይተፋታል፤ የተራበው ግን የሚተፋበት ኃይል የለውም። በበጋ አናቱ ድንገት ሲቀላ አላፊ አግዳሚው ጥንዚዛ ገደለው ይላል። ጥንዚዛዋ የመጣችው ቤቱ ባዶ መሆኑን አውቃ ነው።

ከላይ ይህ ሲሆን ከታችም ሌላ ነገር ይሆናል። የተራበ ዛፍ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ያጣል፤ ድርቁ ሲራዘም ወፍራሞቹንም። ይህ ከላይ አይታይም። ቅጠሉ ሳስቶ ይቆማል እንጂ ዛፉ አረንጓዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 የአገሪቱ ሰሜን በተከታታይ ደርቆ ነበር፤ የኪኔሬት ሐይቅ ዳርቻው እየሸሸ ሄደ። በ2018/19 ክረምት ዝናቡ በረከት ሆኖ ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ግን በዚያ ክረምት በየዳገቱ የሚወድቁትን ኦረኖች ሥር እየፋቅሁ ነበር። ዝናብ አፈሩን ያላላል፤ ከምዕራብ የሚመጣው ወጀብ የረጠበውን አናት ይገፋል፤ የያዘው ሥር ደግሞ ግማሹ የለም። ድርቁ የጀመረውን ዝናብ ያለበት ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ደስ በሚለው ክረምት መፍራትን ተምሬያለሁ።

እስከዚህ ድረስ መድኃኒቱ ግልጽ ይመስላል። ዛፉ ተጠግቶ ተጠማ፤ እናሳሳው፤ የቀረው ይጥገብ። እውነት ነው፣ ይሠራል። በኔጌቭ በረሃ ጠርዝ ያለው የያቲር ደን እ.ኤ.አ. በ1964 ተጀምሮ 4 ሚሊዮን ገደማ ዛፍ ተተክሎበታል፤ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ግን 280 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እዚያ ያለው ኦረን የቆመው በጣም ተራርቆ ስለሆነ ነው። ከተከታታይ ድርቅ በኋላ ግን እዚያም ቆመው የደረቁ ዛፎች ታዩ። ማሳሳት እንደሚሠራ የሰማ ወጣት ሠራተኛ መጋዙን ይዞ መሮጥ ይፈልጋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ቀለም መቀባት በጀመርኩበት ዘመን በአንድ ቀዝቃዛ ዳገት ላይ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ተሰጠኝ። ዛፎቹ አሥራ ሁለት ሜትር ይረዝማሉ፤ ግንዳቸው በደረት ከፍታ ሲለካ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቁመታቸው የውፍረታቸው መቶ እጥፍ ነበር ማለት ነው። በደን ሥራ ቁመቱ ከውፍረቱ 80 እጥፍ ያለፈ ዛፍ ለነፋስና ለበረዶ የተጋለጠ ተብሎ ይታሰባል። ይህን አውቅ ነበር፤ ጥሙ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን አስወጣሁ። ሥራው ሲያልቅ ዳገቱ አምሮ ታየኝ፤ ብርሃን እስከ መሬት ገባ። በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት የምዕራቡ ነፋስ መጣ። ጠዋት ስደርስ የቀሩት ኦረኖች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው ነበር። ሥራቸውን ፋቅሁ። ነጭ ነው፤ ሕያው ነው። እነዚህን ድርቅ አልነካቸውም፤ ድርቅን ብቻ የፈራ እጅ ነው ያጋለጣቸው። ቀለሙ የኔ ስለነበር የማንንም ስም አልጠራም።

ሲጠጋጉ ያደጉ ዛፎች ነፋስን የሚችሉት በመደጋገፍ ነው። አንዱ ሲወዛወዝ በጎረቤቱ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ስለ ነፋስ እውነት ነው። ስለ ጥም ግን እውነት አይደለም፤ አንድ ቅል ውኃ ለመቶ ሰው ሲካፈል ኅብረት ጉሮሮ አያርስም። ደን ሁለቱንም ሕግ በአንድ ቦታ የሚኖር ነው። ለጥሙ ማራራቅ ያስፈልገዋል፤ ለነፋሱ መደጋገፍ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው በሌላው ይቀጣል። የእኔ ሥራ እነዚህን ሁለት ሕጎች ማስታረቅ ነው፤ የማስታረቂያውም መንገድ ጊዜ ነው። የተፈታ ዛፍ ብቻውን መቆም ይማራል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ግንዱን ያወፍራል፣ በሚገፋው በኩል ሥር ይጨምራል። ይህን ለመማር ግን ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ መጀመር፣ በትንሹ ማውጣት፣ ለመቆም ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ ተመልሶ ማውጣት።

ይህን በእጄ ወደ አንዳንድ ልማዶች ቀይሬዋለሁ። ዛፉ ገና ወጣት ሳለ፣ ከሰው ቁመት ብዙ ሳያልፍ፣ መጀመሪያ አሳሳለሁ፤ ያኔ የሚወድቅ ነገር የለም። ከረዘመ በኋላ ከደረስኩበት ከአምስቱ አንዱን ብቻ አወጣለሁ። በምዕራብ በኩል ያለውን የደን ጠርዝ አልነካም፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ነፋስ ሲገፋቸው ያደጉ ናቸውና የደኑ ቅጥር እነርሱ ናቸው። ወደ ደቡብ የዞረው ዳገት ቶሎ ይደርቃልና አራርቃለሁ፤ ወደ ሰሜን የዞረው እርጥበት ይይዛል፣ ዛፉም ይረዝማልና በዝግታ እሄዳለሁ። አፈሩ ቀጭን ሆኖ ከሥሩ ያልተሰነጠቀ ነጭ ድንጋይ ካለ ዛፉ ሥሩን ወደ ጎን ብቻ ይዘረጋል፤ እዚያ ጥሙም ነፋሱም ይከፋል። ድንጋዩ የተሰነጠቀ ከሆነ ሥር ስንጥቁን ተከትሎ ይወርዳል፤ ውኃም መልህቅም እዚያ ያገኛል። የምንቆርጠውን በክረምት እንቆርጣለን፤ ግንዱንም ሙቀት ሳይገባ ከደኑ እናወጣለን፤ አለዚያ ጥንዚዛዋ እዚያ ትፈለፈላለች።

በረዶም የራሱን ትምህርት ሰጥቶናል። በዲሴምበር 2013 ኢየሩሳሌምና ተራሮቿ በከባድ በረዶ ተሸፍነው ነበር። የኦረን መርፌ ቅጠል እርጥብ በረዶን እንደ መዳፍ ይይዛል፤ አናቱ የከበደው ቀጭን ግንድ መሀሉ ላይ ይሰበራል። በዚያ ሳምንት ብዙ ዛፍ ተሰበረ። ከታች የነበሩት የአሎን ቁጥቋጦዎች ግን ጎንበስ ብለው፣ በረዶው ሲቀልጥ ቀና አሉ። አሎን ሥሩን በድንጋይ ስንጥቅ አርቆ ይልካል፤ በበጋ መሀልም ይሠራል፤ ቢሰበር ወይም ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ኦረን አያቆጠቁጥም። ዘሩን በተዘጋ ፍሬ ውስጥ ይዞ እሳትን ወይም ሻራብ የሚባለውን ደረቅ ትኩስ ነፋስ ይጠብቃል። ስለዚህ ኦረን ሳሳሳ ከሥሩ የበቀለ የአሎን ቡቃያ ካየሁ የማስበው ለእርሱ ነው። ኦረኑ ጥላ ሆኖለት ያደገውን፣ ነገ ጥላው ሲወድቅ የሚተካውን።

ከዚህ ተራራ ሆኜ አገር ቤትን አስባለሁ። በትግራይና በአፋር ወሰን፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የደስዓ ደን የሐበሻ ጥድና የወይራ ደን ነው። ተመራማሪዎቹ እነ ኤርሚያስ አይነኩሉ ሲያጠኑት ከቆሙት የጥድ ግንዶች ከግማሽ በላይ፣ ከወይራዎቹም ከመቶ 40 ገደማ ደርቀው ቆመው አገኙ። ጉዳቱ የባሰው ዝቅ ባለው፣ በሞቃታማው ጠርዝ ነው። ወይራ እንዲህ ሲሞት መስማት ለእኔ ከባድ ነው፤ አባቴ ድግር የሚያስቆርጡት ወይራ፣ ምንም አይጥለውም ብዬ ያደግሁበት ዛፍ ነው። ጠንካራ ግንድ ብቻውን እንደማያድን፣ ከሥሩ የሚተካው ቡቃያ ከብት ከበላው ደኑ በሽማግሌዎቹ ብቻ እንደሚቆም ያስተምራል። በደቡብ ጎንደር ግን ሌላ ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ የኖሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የየአጥቢያው ሰዎች በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ነው። ከብት ሲቀር ቡቃያው ብቅ ይላል። ካብ ነፋስ አያቆምም፣ ዝናብም አይጠራም፤ ግን ወጀቡና ድርቁ የሚወስዱትን የሚተካ ልጅ ለደኑ ያሳድግለታል። እኔ እዚህ በመጋዝ የምፈልገውን እነርሱ በድንጋይ ያገኙታል።

አፉላ ያለችበት ቦታ ስለ ውኃ ከጥንት ጀምሮ ሲጸለይበትና ሲለቀስበት የኖረ ነው። ጌዴዎን በሃሞሬ ኮረብታ አጠገብ የሰፈረውን ጠላት ከመግጠሙ በፊት በበግ ጠጉር ላይ ጤዛ እንዲወርድ ለመነ፤ በሸለቆው ማዶ ያለውን የጊልቦዓን ተራራ ደግሞ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ ጤዛና ዝናብ አይውረድብህ አለው። እናቴ ይህን ታሪክ በልጅነቴ ከቄሶቻችን ሰምታ ትነግረኝ ነበር፤ ሁለቱን ተራሮች ግራና ቀኝ አድርጌ እሠራለሁ ብዬ አላሰብኩም። በበጋ ማለዳ ከባሕር በኩል የመጣው ጤዛ ቅጠሉን ያረሰርሰዋል። ሥር ግን አይደርስም። ትልቁ ዛፍ የሚኖረው ከመሬት ውስጥ በቀረለት ነው፤ ምን ያህል እንደሚቀርለት ደግሞ በከፊል በእጄ ነው። ይህ ኃላፊነት ያስፈራኛል፤ ሥራውንም የምወደው በዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ አፉላ የተወለደ አንድ ወጣት ሊማር አብሮኝ ወጣ። ቀለሙን ሰጠሁትና በምዕራቡ ጠርዝ አጠገብ አቆምኩት። ፊት ለፊቱ አጭር፣ ጠማማ፣ በወገቡ የወፈረ ኦረን ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ቀጥ ብሎ የወጣ ቆንጆ።

«ጋሼ፣ ይሄን ጠማማውን ላውጣው?» አለኝ።

«ድግር ነው፤ ተወው» አልኩት።

ድግር ምን እንደሆነ አያውቅም። ማረሻውን፣ ሞፈሩን፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚያድገውን ወይራ፣ አያቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ያን ቀጥቃጭ አወራሁት። ከጠማማው ግንድ አጠገብ ጉልበቱ ድረስ የደረሰ አሎን አሳየሁት። ጠማማውን በእጁ ገፋው፤ አልነቃነቅም። ቀጥ ያለውን ገፋው፤ አናቱ ከላይ ተወዛወዘ። ዝም ብሎ ቆየና ወደ ቀጥታው ዞረ።

«እንግዲያው ሞፈሩን?»

«ሞፈሩን። ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን ግን ዘንድሮ አትንካቸው፤ መጀመሪያ ይቁሙ።»